ከንቱ ሥጋት ትዳርን እንዳያፈርስ

የዛሬው ነገራችን ለመናገር የሚያሳፍር ቢመስልም፤ ከዝምታ ብዛት ቤት የሚያፈርስ ስለ ሆነ በጨዋ ቃል ልንጽፈው ወደድን።

ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ካለችው ከደጀን ከተማ፤ ሠርጉ የተቃረበ አንድ ጎልማሳ ወደ እኛ መጥቶ፤ «ጋሼ፤ የጋብቻዬን ውል ያፍርሱልኝ» አለን። እኛም የፍርድ ቤት ጸሓፊ እንደ መሆናችን ምክንያቱን ጠየቅነው። አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ፤ በኀፍረተ ሥጋው ጫፍ ዙሪያ ጥቃቅን ነገር ችፍ ብሎ እንዳየ፤ ቂጥኝም መስሎት እጮኛውን እንዳይበክል እንደ ፈራ ነገረን። በምላጭ ሊቈርጠውም አስቦ ነበር። «ልጄ፤ ምላጩን ተውና ወደ ሐኪም ሂድ» አልነው። ሐኪሙም መርምሮ ደኅና መሆኑን አስረዳው፤ ሠርጉም በቀኑ ተደረገ።

ይህ ነገር ከተፈጥሮ የመጣ እንጂ ደዌ አይደለም። መጠኑ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር፤ ይኸውም የጤፍ ቅንጣት ያህል ሲሆን፤ በአንድ ወይም በሁለት ረድፍ ተሰልፎ እንደ ቀለበት ይዞራል። መልኩ ነጣ ስለሚል ሐኪሞች ሉል መሰል ይሉታል። በብዙ ጎልማሶች ላይ፤ በተገረዙትም ባልተገረዙትም ይገኛል፤ ዕድሜ ሲገፋም እየደበዘዘ ይሄዳል። አያምም፤ አያሳክክም፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ የዝሙት ምስክር ሊሆን አይችልም። ደግሞም ፎርዳይስ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1896 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በከንፈር ላይ ያመለከተው ብጫ ነጠብጣብ በኀፍረተ ሥጋም ይታያል፤ እርሱም የቅባት ዕጢ ስለ ሆነ ጉዳት የለውም።

ነገር ግን ኹሉ ደኅና ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም። ቍስል የሆነ፤ ባያምም እንኳ፤ ቂጥኝ ሊሆን ይችላል። እየበዛና እየሻከረ የሚያድግ ኪንታሮት፤ ፈሳሽ፤ ወይም የብሽሽት እብጠት ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ፤ የትዳር ጓደኛውም ትመርመር። ደኅናውን ከደዌው ለይቶ የሚያውቅ ሐኪም ነውና፤ በምላጭ መቈረጥ ወይም በሚያቃጥል ቅጠል መተኰስ ጤነኛውን ገላ ማቍሰል ነው።

ስለዚህ አባቶች ሆይ፤ ልጆቻችሁን ስለ ገላቸው ያለ ኀፍረት አስተምሩ። ባልና ሚስትም ከመካሰሳችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ፤ በጥርጣሬ የፈረሰ ቤት ኋላ እውነቱ ቢታወቅም መልሶ ለማቆም ጭንቅ ነውና።