ተረትና እውነታ፦ የቀለም ፎቶን የሚያሳምረው ማሽኑ ነው?

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ በየቤቱ አልበም ውስጥ የፊልም ዘመን ፎቶ አይጠፋም። ፊቱ ጠቁሮ፣ ነጠላው አመድ መስሎ ሲታይ «ማሽኑ እንዲህ አወጣው» ተብሎ ይታለፋል። አውቶማቲክ የቀለም ኢንላርጀር የኔጌቲቩን ምስል በብርሃን አጉልቶ ወረቀት ላይ ይጥላል፤ የብርሃኑንና የቀለሙንም መጠን ራሱ ለክቶ ይወስናል። ይለካል እንጂ አያይም። ይህ ሳይገባን ስለቀረ ብዙ ፎቶ ያለ ጥፋቱ ተበላሽቷል።

ተረት፦ አውቶማቲክ ማሽን ትክክለኛውን ቀለም ያውቃል።

እውነታ፦ ማሽኑ የሚያውቀው አንድ ግምት ብቻ ነው፤ የማንኛውም ፎቶ ቀለሞች ቢደባለቁ ግራጫ ይሆናሉ የሚል። ለብዙው ፎቶ ግምቱ ይሠራል። በመስከረም አደይ አበባ በሸፈነው ተረተር ላይ ለተነሣ ሰው ግን አይሠራም፤ ማሽኑ ቢጫውን እንደ ስህተት ቆጥሮ ሊያርም ሲነሣ ፊቱን ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። አረንጓዴ የጤፍ ማሳ ላይ የቆመውን ደግሞ ወደ ማጀንታ፣ ማለትም ወደ ሐምራዊ ሮዝ፣ ይገፋዋል። በጥምቀት ነጠላና ጋቢ የለበሰ ሕዝብ ሲቀርብለት ነጩ እንደበዛ ቆጥሮ ሁሉን ያጠቁራል፤ ልብሱ ግራጫ ይሆናል፣ ፊቱም አይለይም። ጨለማ ጎጆ ውስጥ በፍላሽ የተነሣው ሰው በተቃራኒው ይገረጣል። ለእንዲህ ያለው ፎቶ አጣቢው አውቶማቲኩን ትቶ ብርሃኑንም ፊልተሩንም በእጁ መወሰን አለበት።

ተረት፦ የጠይም ሰው መልክ በቀለም ፎቶ አያምርም።

እውነታ፦ ጉድለቱ የመለኪያው ነው። የኮዳክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለፎቶ ቤቶች ያከፋፍለው የነበረው ማስተካከያ፣ «ሸርሊ ካርድ» የተባለው፣ የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። የእሷ ቆዳ ካማረ ማሽኑ ተስተካክሏል ይባል ነበር። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች የታዩበት የኮዳክ ካርድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ስለዚህ አጣቢ የራሱ መለኪያ ይኑረው፤ በጥሩ ብርሃን የተነሣ የጠይም ሰው ኔጌቲቭ መርጦ ያስቀምጥ፣ ማሽኑንም በየጊዜው በእሱ ይፈትሽ።

ተረት፦ ፎቶው ማጀንታ ከበዛበት የማጀንታውን ፊልተር መቀነስ ነው።

እውነታ፦ ከኔጌቲቭ ሲታተም ነገሩ ይገለበጣል፤ መጨመር ነው። ወረቀቱ ላይ ማጀንታ የሚያወጣው አረንጓዴ ብርሃን ነው፣ የማጀንታ ፊልተር ደግሞ አረንጓዴውን ያግዳል። ቢጫ ለበዛበትም ቢጫ ይጨመራል። ሦስቱን ፊልተር በአንድ ጊዜ ማስገባት ግን ብርሃን ከማባከን በቀር አይጠቅምም፤ የተለመደው ማጀንታና ቢጫ ብቻ ነው።

ተረት፦ በጨለማ ክፍል ቀይ አምፖል ሁልጊዜ ደኅና ነው።

እውነታ፦ ለተለመደው የጥቁርና ነጭ ወረቀት ደኅና ነው። የቀለም ወረቀት ግን ቀይ ብርሃንንም ስለሚቀበል ይበላሻል። ሥራው በድቅድቅ ጨለማ፣ በእጅ ዳሰሳ ነው።

ተረት፦ ብርድና የመብራት መዋዠቅ ከቀለም ጋር አይገናኙም።

እውነታ፦ ከ2,400 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ ይህን መርሳት ያስከፍላል። የቀለም ወረቀት ዴቬሎፐር፣ ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ፣ በተለመደው አሠራር 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ 45 ሰከንድ ይፈልጋል። ከቀዘቀዘ ቀለሞቹ እኩል አይወጡም፤ ቴርሞሜትርና የሞቀ ውሃ መያዣ ከአጠገብ አይራቁ። የ220 ቮልቱ መብራት ሲወርድም አምፖሉ ይቀላል፣ ፎቶው ግን ይሳሳና ወደ ሰማያዊ ያጋድላል። ስታቢላይዘር የግድ ነው። የሃሎጅን አምፖል ሲቀየር በባዶ እጅ አይነካ፤ የጣት ቅባት መስታወቱን ያቃጥለዋል። ሌንሱና የኔጌቲቩ መያዣም ከአቧራ ይጠበቁ፤ ኔጌቲቩ ላይ ያረፈች ብናኝ በፎቶው ላይ ነጭ ነጥብ ሆና ትወጣለች።

ተረት፦ የተበላሸ ፎቶ ተበላሽቷል።

እውነታ፦ የተበላሸው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ነው። ከሙቀትና ከእርጥበት ርቆ የቆየ ኔጌቲቭ የጠቆረውን ፊትና ግራጫ የሆነውን ነጠላ እንደገና ሊያወጣ ይችላል፤ የቀለም ወረቀትም ዛሬ ድረስ ይመረታል። ስለዚህ ኔጌቲቭ አይጣል። ሲያሳትሙም በዚያ ቀን የነበረ ሰው ከአጣቢው አጠገብ ቆሞ የጥለቱን ቀለም፣ የእናቱን መልክ ይንገረው። ማሽኑ ያንን የሚለካበት መንገድ የለውም።