ከመጋዘን እስከ ማንዳፓ

ፓርክ ሮያል የለንደን ማድ ቤት ነው። ሰፊው የኢንዱስትሪ መንደር በምግብ አምራቾች የተሞላ ነው፤ የጊነስ ቢራ ፋብሪካም ከ1936 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. እዚሁ ነበር። ከመጋዘኖቹ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ኒስደን ሲደርሱ፣ ነጭ የድንጋይ ጉልላቶች ብቅ ይላሉ። የሽሪ ስዋሚናራያን ቤተ መቅደስ ነው፤ ከአጠገቡም ሻዮና የሚባል ምግብ ቤት አለ። የሕንድን ቤተ መቅደስ መጋዘን ውስጥ ወደሚከፈት ምግብ ቤት ማምጣት የሚሻ ዲዛይነር ትምህርቱን ከዚህ ቢጀምር ይበጀዋል።

ቤተ መቅደሱ በ1995 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። ከቡልጋሪያ 2,828 ቶን የኖራ ድንጋይ፣ ከጣሊያን 2,000 ቶን እብነ በረድ ወደ ሕንድ ተጓዘ፤ እዚያ በጠራቢዎች እጅ 26,300 ቁራጭ ሆኖ ወደ ለንደን መጣና ተገጣጠመ። ላሊበላ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ ወጣ፤ ይህ ግን ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተጫነ፣ ያለ ብረት ምሰሶ ቆመ።

የውስጡ አካሄድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሕዝብ የሚሰበሰብበት ባለ ዓምድ አዳራሽ ማንዳፓ ይባላል። የአምላክ ምስል የሚያርፍበት ክፍል ደግሞ ጋርባግሪሃ ነው፤ ትርጉሙ የማኅፀን ክፍል። ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ የሚለውን ሥርዓት ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በእኔ እምነት ምግብ ቤት መዋስ የሚገባው ማንዳፓውን ብቻ ነው። የአማልክትን ምስል ከመጠጥ መደርደሪያ በላይ መስቀል ግን የሌላውን ሰው መቅደስ ጌጥ ማድረግ ነው።

ከማንዳፓው የሚወሰደውም ቀላል አይደለም። አንዱን ዓምድ ቀረብ ብላችሁ እዩት፦ እግሩ ሰፊ ነው፣ ወገቡ ይቀጥናል፣ አናቱ ላይ ክንዶች ተዘርግተው የላዩን ድንጋይ ይቀበላሉ። ቅርጹ የመጣው ከሸክሙ ነው። ከጂብሰም ተሠርቶ ከኮርኒስ ላይ የተለጠፈ ዓምድ ምንም ስለማይሸከም ዓይን ቶሎ ይሰለቸዋል። የመጋዘን ጣሪያ ከፍ ያለ ነው፣ ድምፅም ያስተጋባል፤ ስለዚህ ጥቂት እውነተኛ የእንጨት ዓምዶች፣ ዝቅ ያለ መግቢያ፣ ወደ ውስጥ ሲገቡ እየደበዘዘ የሚሄድ ብርሃን ከሺህ ቅርጻ ቅርጽ ይበልጣሉ።

ማዕዱም ከዚያው ሥርዓት ይመጣል። በሂንዱ ልማድ መጀመሪያ ለአምላክ ቀርቦ ለምእመን የሚታደል ምግብ ፕራሳድ ይባላል፤ የእኛን መክፈልት ያስታውሳል። ሻዮና ሥጋ አይገባም፤ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም የሉም። በቁሌት ሽታ ላደገ አፍንጫ ይህ ለማመን ይከብዳል። በዚህ ዓይነቱ ምግብ ቦታቸውን የሚሸፍነው ሂንግ የሚባል የተክል ሙጫ ነው፤ ጥሬውን ይከረፋል፣ ትኩስ ቅቤ ውስጥ ቁንጥር ሲደረግ ግን ሽታው ይለዝብና ሽንኩርት የተቁላላ ያህል ቤቱን ይሞላዋል።