የጉበት ሕዋስ ጓዳውን ሲያጸዳ

በካፋ ዞን፣ በቢታ ገነትና በአካባቢው የሚበቅለው ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ከጀበና ሲቀዳ፣ ጠጪው የሚያስበው ጣዕሙንና ንቃቱን ቢሆንም፣ ፍሬው የያዛቸው የተፈጥሮ ውህዶች ጉበት ሲደርሱ ኦቶፋጂ የሚባለውን ሂደት እንደሚቀሰቅሱ በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ያመለክታሉ።

ኦቶፋጂ በግሪክኛ «ራስን መብላት» ማለት ሲሆን፣ ሕዋስ ያረጁና የተበላሹ ክፍሎቹን በስስ ሽፋን ጠቅልሎ፣ ላይሶሶም ወደሚባለውና አፍራሽ ኢንዛይሞች ወደሞሉት ከረጢት በማስገባት፣ ከፈረሰው ነገር የሚረባውን መልሶ የሚጠቀምበት መንገድ ነው፤ ስሙ ቢያስፈራም ሥራው የቆጣቢ ባለቤት ሥራ ነው። ላይሶሶምን ክርስቲያን ደ ዱቭ እ.ኤ.አ. በ1955 ለዓለም ያስተዋወቀው የአይጥ ጉበት ሲመረምር ቆይቶ በመሆኑ፣ ጉበት ለዚህ የጥናት ዘርፍ ከመነሻው ባዳ አልነበረም። ሂደቱን የሚመሩትን ጂኖች በእርሾ ላይ ያገኘው ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

በሕዋስ ውስጥ ኤምቶር የተባለ ፕሮቲን አለ፤ ምግብ ሲትረፈረፍ ኦቶፋጂን ይገታል፣ በጾም ወቅት ሲዳከም ግን ጽዳቱ ይጀመራል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ቡና የጠጡ አይጦች ጉበት ውስጥ ኤምቶር እንደሚዳከምና ኦቶፋጂ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሚነሣ አሳይቷል። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ካፌይኑ የወጣለት ቡናም ያንኑ ማድረጉ ነው፤ ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ዓይናቸውን የጣሉት በፖሊፌኖሎች ላይ ሆነ፤ እነዚህም እንደ ክሎሮጀኒክ አሲድ ያሉ፣ ተክሎች ከነፍሳትና ከፀሐይ ጉዳት የሚከላከሉባቸው ውህዶች ናቸው። ካፌይንም ቢሆን እጁ የለበትም ማለት አይቻልም፤ በዚያው ዓመት ከሲንጋፖር የወጣ ሌላ ጥናት፣ ቅባት የበዛበት መኖ በተመገቡ አይጦች ጉበት ውስጥ የተከማቸው ስብ በካፌይን ምክንያት በዚሁ በላይሶሶም መንገድ እየፈረሰ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ይሁን እንጂ ለአይጥ የተሰጠ መጠን ለሰው እንደ መድኃኒት ማዘዣ አይቆጠርም፤ አይጡም ቡናውን በስኳር አጣፍጦ አይጠጣም። ከዚህም በላይ ኦቶፋጂ ዘወትር ለሕዋሱ ብቻ አይታዘዝም፤ በኢትዮጵያ ብዙ ሰዎችን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የጉበት ሕዋስን ይህንኑ ሂደት ራሱ ቀስቅሶ ለመራባት እንደሚገለገልበት በቤተ ሙከራ ታይቷል።