ትምህርቱን ያቋረጠ ወጣትና የኮምፒዩተር ሙያ

የአንድ አገር ሀብት መሬቱና ከብቱ ብቻ ሳይሆን የልጆቹ አእምሮና የእጃቸው ብልኃት ጭምር መሆኑን የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ እርሻ ጦሙን ሲያድር ያየ ሁሉ ያዝናል፤ የወጣት አእምሮ ጦሙን ሲያድር ግን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። በየዓመቱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደጅ የሚመለሰው ወጣት ብዙ ሲሆን፤ ከተመለሰ በኋላ ወዴት ሄደ፤ ምንስ ሠርቶ ያድራል ብሎ የሚጠይቅለት እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ወጣት ከተከፈቱት በሮች አንዱ የሆነውን የኮምፒዩተር ሙያ መመርመር ለባለሥልጣንም፤ ለካህንም፤ ለወላጅም የሚጠቅም ነገር ነው።

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የወገራን ሜዳ አቋርጦ ዳባት ይደርሳል፤ ከዚያም አልፎ፤ መንገዱ በሊማሊሞ ገደል ከመውረዱ በፊት፤ ደባርቅን ያገኛል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት፤ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫና የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለባት ስትሆን ዩኒቨርሲቲም ተከፍቶባታል። የአካባቢው ሕዝብ ገብስና ስንዴ እያረሰ፤ በግ እያረባ የኖረ ነው። ዛሬ ግን መሬቱ ለልጅ ልጅ የሚበቃ ሆኖ አልተገኘም። በ2008 ዓ.ም. ፓርኩን ለመጠበቅ ሲባል ከግጭ መንደር 418 አባወራዎች፤ በጠቅላላው 2,508 ሰዎች፤ ተነሥተው በደባርቅ አጠገብ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። አባቱ በደጋው ገብስ ሲያርስ የኖረ ልጅ በከተማ ዳር ሲያድግ ሞፈርና ቀንበር የሚወርስ አይደለምና በሌላ ሙያ መተካት ግድ ይሆንበታል።

ትምህርት ያቋረጠውን ሁሉ ሰነፍ ነው ማለትም ፍርድ ማጓደል ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ፤ እስከ ጭና ድረስ ዘልቆ የብዙ ሰላማዊ ሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ከአዲ አርቃይ በኩል የተፈናቀለውም ሕዝብ ደባርቅ ገብቶ ተጠልሏል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ደግሞ የብዙ ትምህርት ቤት ደጅ ተዘግቷል። ፈተናውም ብርቱ ሆኗል፤ ይኸውም በመላው ኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 3.3፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር እስከ መጨረሻው ክፍል የዘለቁትን ብቻ የሚመለከት ነው፤ በድኽነት፤ በሕመም ወይም በመፈናቀል ምክንያት ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል የተመለሰው በዚህ ውስጥ አይቈጠርም። እንግዲህ የተመለሰው ሁሉ እንደ ወደቀ ዕቃ ቢቈጠር፤ አገር ከመቶ ልጆቿ ከዘጠና በላይ የሚሆኑትን ጣለች ማለት ይሆናል።

በደባርቅም ሆነ በዳባት፤ እንደ ሌሎቹ የወረዳ ከተሞች ሁሉ፤ በፍርድ ቤትና በመሥሪያ ቤት አጠገብ አንድ ኮምፒዩተር፤ አንድ ማተሚያና አንድ ፎቶ ኮፒ ማንሻ የያዘች ጠባብ ክፍል አትታጣም። በቀድሞ ዘመን በእንዲህ ያለው ስፍራ ጠረጴዛ ዘርግቶ የባላገሩን አቤቱታ በብዕር የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ ነበር፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ዳዊት ደግሞ፤ ቅኔ ቈጥሮ፤ ወደ ክህነት ሳይገባ የቀረ የቆሎ ተማሪ ነበር። ከብዕሩ በኋላ የጽሕፈት መኪና መጣ፤ ከጽሕፈት መኪናውም በኋላ ኮምፒዩተር ተተካ። ዛሬ በዚያች ክፍል ከሚቀመጡት መካከል ትምህርታቸውን ያልጨረሱ ወጣቶች አሉ። ባለጉዳዩ የሚናገረውን ሰምቶ በሥርዓት የሚያሰናዳው፤ ፊደሉን ለቅሞ የሚያትመው ይህ ወጣት ነው። በባለሥልጣኑ ጠረጴዛ ላይ ከሚቀርበውም ማመልከቻ ብዙው እንዲህ ባለ እጅ የተጻፈ ነው።

ሙያው የሚጀመረው ከዚህ ነው። ማተሚያው ወረቀት ሲይዝ፤ ወይም ኮምፒዩተሩ አልነሣም ሲል፤ ዕቃውን ጭኖ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ጎንደር መላክ ገንዘብና ቀን ይፈጃልና ወጣቱ ራሱ ከፍቶ ይመረምረዋል። ከመጻፍ ወደ ጥገና፤ ከጥገና ኮምፒዩተሮችን እርስ በርሳቸው ወደሚያገናኘው ኔትወርክ፤ ከኔትወርክም ለኮምፒዩተሩ ትእዛዝ ወደሚሰጠው የፕሮግራም ጽሕፈት እየተሻገረ ይሄዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፤ በዚህ ሙያ በአንድ ቀን ተዘልሎ የሚደረስበት ደረጃ የለም፤ ነገር ግን ወደ መጀመሪያው ደረጃ ለመውጣት ዲግሪ የሚጠይቅ በረኛም የለበትም።

ዳባትም ለኮምፒዩተር ሥራ እንግዳ አይደለችም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ የሕዝብን ጤና የሚከታተል ታላቅ መዝገብ አቋቁሟል። መዝጋቢዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፤ ማን ሞተ፤ ማን አገር ለቆ ሄደ እያሉ ይጠይቃሉ፤ ለእያንዳንዱ ቤትና ለእያንዳንዱ ሰው መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ የተሰበሰበውም ሁሉ በኮምፒዩተር ይመዘገባል። ከዚህ መዝገብ ተነሥተው ሊቃውንት ስለ እናቶችና ስለ ሕፃናት ጤና ጽፈዋል። የአንድ ሕፃን ዕድሜ በስሕተት ቢመዘገብ የሊቁ ጽሑፍ ይሳሳታል፤ ጽሑፉ ከተሳሳተም በእርሱ ላይ የተመሠረተው ውሳኔ ይሳሳታል። ስለዚህ የቁም ጸሐፊ ብራናውን ፍቆ፤ ከመጽሐፉ አንዲት ፊደል እንዳትጎድል የሚጠነቀቀውን ያህል፤ በኮምፒዩተር የሚመዘግብ ሰውም ጥንቃቄና እውነተኛነት ያስፈልገዋል።

የግእዝ ፊደል በኮምፒዩተር ባይጻፍ ኖሮ ይህ በር ለአማርኛ አንባቢው ወጣት ባልተከፈተ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዚህ ሥራ ከደከሙት ኢትዮጵያውያን አንዱ ዶክተር አበራ ሞላ በትምህርታቸው የእንስሳት ሕክምና ሊቅ ነበሩ፤ የኮምፒዩተር ተማሪ አልነበሩም። አቶ ፍሥሐ አጥላውም የስሜንን ታላቅ ተራራ ስም በያዘው «ዳሸን» በተባለው ድርጅታቸው የአማርኛ መጻፊያ አዘጋጅተዋል። ፊደላችንም እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ገብቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፤ ሙያውን የሚያስፋፋው አስቀድሞ የተጻፈለት የትምህርት ዓይነት ሳይሆን የሰውየው ትጋት መሆኑ ነው።

በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው ቢል ጌትስ ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1975 ትምህርቱን ሲተው ያቋረጠው ሃርቫርድ የተባለውን ታላቅ ዩኒቨርሲቲ እንጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን አልነበረም፤ ገና በ13 ዓመቱም በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር የመለማመድ ዕድል አግኝቶ ነበር። ስለዚህ የእርሱ ታሪክ ለደባርቅ ልጅ ትክክለኛ ምሳሌ አይሆንም። ይልቁንስ የሚሻለው ምሳሌ እንግሊዛዊው ጆርጅ ቡል ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1815 ከጫማ ሠሪ ቤት ተወለደ፤ በ16 ዓመቱ ወላጆቹን ለመርዳት ሲል በመምህርነት ተቀጠረ፤ ዩኒቨርሲቲም ሳይገባ ሒሳብን በራሱ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1849 በአየርላንድ ኮርክ በተባለው ከተማ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። እውነትና ሐሰትን በሒሳብ ምልክት የሚመረምረው የእርሱ ሥርዓት ዛሬ ኮምፒዩተር ሁሉ የሚሠራበት መሠረት ነው። ቡል የትምህርት ቤቱን ደጅ ለቀቀ እንጂ ትምህርቱን አልለቀቀም።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ፤ እንዲህ በየቤቱ የተማረ ሰው ማወቁ በምን ይታወቃል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ የአገራችን ሊቃውንት ጥንታዊ መልስ አላቸው። የድጓ ተማሪ በየደብሩ ዞሮ ከተማረ በኋላ ለምስክር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ የአቋቋም ተማሪም ወደ ጎንደር በአታ ይሄዳል። በዚያም ስንት ዓመት ተቀመጥህ፤ አባትህስ ማን ነው ተብሎ አይፈረድለትም፤ ያወቀውን በመምህሩ ፊት ያሳያል፤ ካወቀም ይመሰከርለታል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ስትራቴጂም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሥርዓት አስቀምጧል። ይኸውም ሰው ሙያውን በኮሌጅም ይማረው፤ በሥራ ላይ ይልመደው፤ ወይም በራሱ ጥረት ያግኘው፤ በምዘና ፊት ቀርቦ ብቃቱን ካሳየ የብቃት ማረጋገጫ ይሰጠዋል። ሕዝቡ «ሲኦሲ» የሚለው ይህ ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፤ እንዲህ ያለው ነገር ቢነገር ተማሪው ትምህርቱን ንቆ ይወጣል፤ ይል ይሆናል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ፕሮግራም የሚጻፍበት ቋንቋ በእንግሊዝኛ ቃላት የተመሠረተ ነው፤ ሒሳብ የማያውቅም ሰው ከጥገና አልፎ ለመሄድ ይቸገራል። ስለዚህ ትምህርት ቤት የቀረበት ወጣት ያልተማረውን በሌላ ጊዜ መክፈሉ አይቀርም። ይህን ዕዳ በማታ ትምህርት ቢከፍለው ይሻለዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ያለ ክፍያ በኢንተርኔት እንዲሰጥ የታሰበ ነው። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ ሁሉ፤ ትምህርቱን በኢንተርኔት ላይ ብቻ የጣለ ሰው መስመሩ በጠፋ ጊዜ ባዶ እጁን ይቀራል። ትምህርቱን አስቀድሞ ገልብጦ ማስቀመጥ፤ መጽሐፍም መያዝ ብልህነት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ፈተና ግን ሌላ ነው። በዚያች ጠባብ ክፍል ለተቀመጠው ወጣት አንድ ቀን ሰው መጥቶ፤ ይህን የትምህርት ማስረጃ ስሙን ለውጥልኝ፤ ይህን ማኅተም አስመስልልኝ፤ ዋጋህን አጥፌ እሰጥሃለሁ፤ ሊለው ይችላል። ለአንድ ቀን ጥቅም ሲል እሺ ቢል ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ራሱን ይጎዳል፤ የማስረጃ ክብር ከተዋረደ በኋላ እርሱ በላቡ የሚያገኘውን ማረጋገጫ ማን ያምንለታል። በዚህ ነገር ወጣቱን የሚመክር ካህንና ወላጅ ከፖሊስ አስቀድሞ ሥራውን ይሠራል።

የባለሥልጣን ድርሻ ደግሞ ሦስት ነው። አንደኛ፤ ለጽሕፈት፤ ለመረጃ ምዝገባና ለጥገና ሥራ የቅጥር ማስታወቂያ ሲወጣ፤ ደንቡ በሚፈቅደው መጠን፤ የብቃት ማረጋገጫ የያዘው ሰው በተግባር ተፈትኖ እንዲወዳደር ማድረግ ነው። ሁለተኛ፤ ተበላሽቶ በየመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ቤት አቧራ የሚጠጣው ኮምፒዩተር፤ በንብረት አወጋገድ ሕግ መሠረት፤ ወጣቶች ፈትተው እየገጠሙ ለሚማሩበት ስፍራ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ሦስተኛ፤ የምዘናውን ሥራ ከዞኑ ከተማ ርቆ ለሚኖረው፤ ከስሜን ደጋ ለሚወርደው ወጣት ማቅረብ ነው፤ ለመመዘን የሚያስፈልገው የመንገድና የማደሪያ ገንዘብ ከታጣ የምዘናው መኖር ብቻውን አይጠቅምምና።

ወጣቱም ትምህርት ማቋረጡን እንደ ኩራት ሊናገረው አይገባም፤ እንደ እርግማንም ሊሸከመው አይገባም። በቀድሞ ዘመን ከጉባኤ ቤት የተመለሰው ተማሪ ብዕሩን አልጣለም፤ በፍርድ ቤት ደጅ ተቀምጦ የድኻውን አቤቱታ ጻፈ እንጂ። የዛሬውም ወጣት በዚያው ደጅ ተቀምጧል። ያወቀውን በቅንነት ከሠራበት፤ ያላወቀውንም ለማወቅ ከተጋ፤ መሥሪያ ቤቶችም የሚያውቀውን አይተው ከመሰከሩለት፤ የዳባትና የደባርቅ እርሻ በገብስ ብቻ ሳይሆን በልጆቹም አእምሮ የሚለማበት ጊዜ ሩቅ አይሆንም።