የአራት ሰከንድ ሥራ

እንደ ድራግ ሬሲንግ ሕጉ አጭር የሆነ የመኪና ውድድር ማግኘት ይከብዳል። ሁለት መኪኖች ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ መብራት ይበራል፤ የመጨረሻውን መስመር ቀድሞ የረገጠ አሸነፈ። መታጠፊያ የለ፣ ዙር የለ፣ መሀል ላይ ቆሞ ነዳጅ መቅዳት የለ። ቶፕ ፊዩል በሚባለው ከፍተኛው ምድብ ሩጫው አራት ሰከንድ አይሞላም። በዚያች ጊዜ ውስጥ መኪናው ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት ከ530 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል። ቆሎ ወደ አፉ የወረወረ ተመልካች አኝኮ ሳይውጥ ነገሩ ያበቃል።

ይህ ሕግ ሰባ ዓመት አልፎትም ከመሠረቱ አልተለወጠም። የተለወጠው የሥራው ባለቤት ነው። በፊት ሾፌሩ ራሱ ባለንብረት፣ ራሱ መካኒክ፣ ራሱ ወጪ ሸፋኝ ነበር፤ ሞተር ሲፈነዳም ፍንዳታውን ፊት ለፊት የሚቀበለው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሸክሙ አንድ በአንድ ከትከሻው ሲወርድ ኖሯል። የስፖርቱ ታሪክ የሚገባን ምን እንደወረደለትና ምን እንደቀረበት ስናይ ነው።

መነሻው ደቡብ ካሊፎርኒያ ነው። በ1930ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ወጣቶች አሮጌ ፎርድ በርካሽ እየገዙ፣ የማያስፈልገውን ቆርቆሮ ሁሉ አውልቀው፣ ሞተሩን አጠናክረው እንደ ሙሮክ ባሉ የደረቁ የሐይቅ ወለሎች ላይ ይሞክሩት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራ የፈቱ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያዎች ተገኙላቸው። ያ ያልደረሰው ደግሞ በከተማ መንገድ ላይ ከፖሊስ ጋር አባሮሽ ይጫወት ነበር። የ«ሆት ሮድ» መጽሔት አዘጋጅ ዋሊ ፓርክስ በ1951 ኤን ኤች አር ኤ የተባለውን ብሔራዊ ማኅበር ያቋቋመው ይህን ወጣት ከጎዳና ላይ አንስቶ ደንብና ምርመራ ወዳለበት ሜዳ ለማስገባት ነው። ማኅበሩ በ1953 የመጀመሪያ ውድድሩን ያካሄደው ፖሞና ውስጥ በአንድ የአውደ ርእይ ግቢ የመኪና ማቆሚያ ላይ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ የመጀመሪያው ብሔራዊ ውድድር ካንሳስ ውስጥ ግሬት ቤንድ በምትባል ከተማ ተደረገ። ርቀቱ ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ነበር።

ያኔ ውድድሩን የሚያስጀምረው ባንዲራ የያዘ ሰው ነው፤ በሁለቱ መኪኖች መካከል ይቆምና ባንዲራውን ወደ ላይ ይመነጭቃል። ብልጥ ሾፌር ታዲያ ባንዲራውን ትቶ የሰውዬውን ትከሻ ያይ ነበር፤ ጡንቻው ሲወጠር ቀድሞ ይነሳል። ክርክሩ ማለቂያ አልነበረውም። በ1963 በምትኩ ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ መብራቶች ያሉት ምሰሶ ተተከለ፤ በቀለሙ የተነሳ «የገና ዛፍ» ተባለ፤ ስሙም እስከ ዛሬ ጸንቷል።

ከሁሉ የሚገርመው የጭሱ ታሪክ ነው። የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን ፎቶግራፎች ብታዩ መኪናው ከመነሻው እስከ መድረሻው ነጭ የጎማ ጭስ እየጎተተ ነው። ለፎቶ ያምራል፤ ነገር ግን ብክነት ነው። ሞተሩ የሚያመነጨው ጉልበት ጎማው አስፋልቱን ቆንጥጦ ከሚይዝበት አቅም በላይ ስለሆነ ጎማው ይንሸራተታል፤ ፍሪሲዮኑ ደግሞ ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል እንጂ መሀል ላይ መቆየት አይችልም። በ1960ዎቹ መጨረሻ መካኒኮች ነገሩን ገለበጡት፦ መንሸራተት ካልቀረ ጎማው መሬቱን ይያዝና ፍሪሲዮኑ ይንሸራተት አሉ። ዛሬ የቶፕ ፊዩል መኪና የማርሽ ሳጥን የለውም። ያለው በርከት ያሉ ዲስኮች የተደራረቡበት ፍሪሲዮን ነው፤ መካኒኩ አስቀድሞ በሞላው የጊዜ ልክ መሠረት በሰከንድ ክፍልፋይ እየጠበቀ ይሄድና በመንገዱ አጋማሽ አካባቢ ሙሉ በሙሉ ይይዛል። ዲስኮቹ ከአንድ ሩጫ በኋላ ተቃጥለው ይወጣሉ። ሾፌሩ በእግሩ ይዳኘው የነበረው ነገር በዚህ መንገድ ወደ መካኒኩ እጅ ተሻገረ። ጭስ አሁን የሚታየው ከውድድሩ በፊት ነው፤ ጎማ ለማሞቅ።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ በደም የተገዛ ነው። በጥንቱ ድራግስተር ሞተሩ ከፊት፣ ሾፌሩ ከኋላ ጎማዎቹም በስተኋላ ይቀመጣል፤ ካምቢዮው በእግሮቹ መካከል ይሽከረከራል። ፍሎሪዳዊው ዶን ጋርሊትስ በ1964 በዚህ ዓይነት መኪና በሰዓት 324 ኪሎ ሜትር ፈጥኗል። መጋቢት 1970 ላይ ግን ሎንግ ቢች አጠገብ ላየንስ በተባለው ሜዳ መነሻው ላይ እንዳለ ካምቢዮው ፈነዳ፤ መኪናውን ለሁለት ከፈለው፤ የቀኝ እግሩንም ግማሽ መርገጫ ወሰደው። ጋርሊትስ ሆስፒታል ተኝቶ ያሰበው ከዚህ ሁሉ ብረት ፊት እንዴት መቀመጥ እንደሚቻል ነበር። ሞተርን ከኋላ ማድረግ ከእሱ በፊትም ተሞክሮ ነበር፤ መኪናው ግን አልቀና እያለ ወደ ጎን ይፈተለክ ነበር። የእሱ ቡድን መፍትሔውን ያገኘው መሪው በትንሽ ንክኪ ብዙ እንዳይዞር በማዘግየት ነው። በ1971 ፖሞና ላይ በዚያ መኪና አሸነፈ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም በምድቡ ሞተር ከፊት ያለው መኪና ጠፋ። ፈኒ ካር የሚባለው እንደ ተራ መኪና አካል የለበሰው ምድብ ግን እስከ አሁን ሞተሩን ከፊት እንደያዘ ነው።

ሞተሩ ራሱ ምን ይበላል? ናይትሮሜቴን። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል ወደ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ናይትሮሜቴን ኦክስጅኑን ራሱ ይዞ ስለሚመጣ 1.7 ኪሎ ይበቃዋል። ስለዚህ በኪሎ ሲለካ ከቤንዚን ደካማ ቢሆንም፣ በዚያው አየር ከስምንት እጥፍ በላይ ነዳጅ ማንደድ ይቻላል። ውጤቱ ከ11,000 የፈረስ ጉልበት በላይ ነው። የካንዴላዎቹ ጫፍ መንገዱ ሳያልቅ ቀልጦ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ነዳጁ በሙቀትና በግፊት ብቻ ይቀጣጠላል።

መኪኖቹ የሚጠገኑበት ቦታ ብትደርሱ ሩጫው የሥራው ቅንጣት መሆኑ ይገባችኋል። መኪናው ተጎትቶ እንደመጣ ስምንት ወይም አስር ሰው ይከበዋል። አንዱ ቴስታታውን ያነሳል፤ ሌላው ከሥር ተኝቶ ብሮንዚኖቹን አውጥቶ እንደ መዳፍ አንባቢ ያገላብጣል፤ ሦስተኛው ፒስተኑን ከነዘንጉ ይመዛል፤ ፍሪሲዮኑ ይለወጣል። ከአንድ ሰዓት በታች በሆነ ጊዜ ሞተሩ ፈርሶ፣ ተገጥሞ፣ ተነስቶ ያገሳል፤ የናይትሮው ጭስ የቆመውን ሁሉ ዓይን ያስለቅሳል። ዋናው መካኒክ በዚህ መሀል ኮምፒውተር ላይ የባለፈውን ሩጫ መስመሮች ያያል፤ የአየሩን እርጥበትና የአስፋልቱን ሙቀት አመዛዝኖ ለሚቀጥለው ይወስናል። ሩጫው ከተጀመረ በኋላ ኮምፒውተሩ መዝጋቢ እንጂ አዛዥ አይደለም፤ የጎማ መንሸራተትን እያየ በራሱ የሚያርም መሣሪያ ክልክል ነው። ደግነቱ ይህን ሁሉ ተመልካቹ በቅርብ ያየዋል፤ ትኬት የገዛ ሰው እስከ መኪናው አጠገብ መሄድ ይፈቀድለታል።

ይህን የሚያክል ሥራ በሾፌር ኪስ አይቻልም። «እባቡ» የሚባለው ዶን ፕሩዶምና «ሞንጉሱ» ቶም ማክዩወን በ1970 የሆት ዊልስ አሻንጉሊት መኪና አምራችን ስም በመኪኖቻቸው ላይ ይዘው ሲወጡ ለስፖንሰሮች መንገዱ ተከፈተ። በ1975 የሲጋራው ዊንስተን የሻምፒዮናውን ስም ያዘ። የሾፌሩ ወንበር ባለቤቶችም ተለወጡ። ሸርሊ ማልዳውኒ በ1977፣ በ1980 እና በ1982 ቶፕ ፊዩልን ያሸነፈችው ብዙ ወንዶች ሴትን ከጎናቸው ማየት በማይፈልጉበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ብሪታኒ ፎርስ ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ሆናለች፤ ጥቁሩ አንትሮን ብራውን ደግሞ በ2012 ዋንጫውን አንስቶ ከዚያም ደጋግሞታል።

ፍጥነቱ ግን አንድ ቀን ሜዳውን በለጠው። ኬኒ በርንስታይን በ1992 በሰዓት 300 ማይልን፣ ማለትም 483 ኪሎ ሜትርን፣ የተሻገረ የመጀመሪያው ሆነ፤ ሜዳዎቹ ግን የተሠሩት ለዚያ አልነበረም። ሰኔ 2008 ላይ የፈኒ ካር ሾፌሩ ስኮት ካሊታ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሞተሩ ፈንድቶበት መኪናውን ማቆም ሳይችል ቀርቶ ሞተ። በሳምንታት ውስጥ የሁለቱ የናይትሮ ምድቦች፣ የቶፕ ፊዩልና የፈኒ ካር፣ ርቀት ከ402 ወደ 305 ሜትር አጠረ፤ የተቆረጠው ለማቆሚያ ተጨመረ። ለጊዜው ተብሎ የተደረገው ለውጥ በዚያው ቀረ። መኪኖቹ ባጠረው መንገድም ከድሮው ይልቅ ፈጠኑ።

ታዲያ ለሾፌሩ ምን ቀረለት? እግሩ። ሦስቱ ቢጫ መብራቶች አንድ ላይ ይበራሉ፤ ከ0.4 ሰከንድ በኋላ አረንጓዴው ይከተላል፤ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ግን መኪናው ሲነቃነቅ ነው። አንዱ በ0.05 ሰከንድ ነቅቶ በ3.75 ቢጨርስ፣ ባላጋራው በ0.10 ነቅቶ በ3.72 ቢሮጥ፣ ፈጣኑ መኪና በሦስት መቶኛ ሰከንድ ቢበልጥም በሁለት መቶኛ ተሸንፎ ይገባል። መካኒኮቹ ቀኑን ሙሉ የደከሙበትን አንዲት ቀኝ እግር ልታፈርሰው ወይም ልታድነው ትችላለች። ባንዲራ ያዡ ሄዷል፣ ጭሱ ሄዷል፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ተዛውሯል፣ መንገዱም አጥሯል፤ ጋርሊትስ በ1970 ግማሿን ያጣት እግር ግን ሥራዋን ለማንም አላስረከበችም።