ከርሞ የተነሣ የጀልባ ሞተር ስለምን ያስላል?

በጣና ሐይቅ ላይ ወደ ደቅ ደሴት የሚሻገር መንገደኛም ሆነ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚጓዝ ጎብኚ ሕይወቱን አደራ የሚሰጠው ከጀልባዋ ኋላ ለታሰረው ሞተር ነው። ይህ ሞተር ሥራ ሲጠፋ ለወራት ይቆማል፤ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የጎብኚዎችን እግር ባቋረጠ ጊዜ ደግሞ ከዚያም በላይ የቆመ ነበር። ሲቆም ደኅና የነበረው ሞተር ሲነሣ ግን ያስላል፤ ነዳጅ ሲጨምሩለት ይሮጣል፣ ሲቀንሱለት ይጠፋል። ባለቤቱም ብዙ ጊዜ «አርጅቷል» ብሎ ይደመድማል።

ይሁንና ያልዞረ ሞተር በምን ያረጃል? በእነዚያ ወራት ፒስተኑ አልተፋተገም። በዝምታ ሲለወጥ የከረመው በዋነኛነት ቤንዚኑ ነው።

ቤንዚን አንድ ወጥ ፈሳሽ ይመስላል እንጂ የብዙ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው። ቀላሎቹ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መፍላት ሲጀምሩ ከባዶቹ እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ይቆያሉ። በካርቡራተሩ ሳህን ውስጥ ከቀረችው ጥቂት ቤንዚን አስቀድመው የሚተንኑት ቀላሎቹ ናቸው፤ ቀዝቃዛ ሞተርን በቀላሉ የሚያስነሡት ግን እነርሱ ነበሩ። የቀሩት ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሐዱ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይሆናሉ። ዘይት ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ በሚቀዳለት ሞተር ውስጥ ዘይቱም በላዩ ይታከላል።

ካርቡራተር ለዝቅተኛ ዙር ጠባብ፣ ለከፍተኛ ዙር ሰፋ ያለ የነዳጅ ቀዳዳ አለው። ለስሌት እንዲመቸን የጠባቡን ዲያሜትር 0.4፣ የሰፊውን 1.2 ሚሊ ሜትር እናድርግና በሁለቱም ግድግዳ ላይ 0.04 ሚሊ ሜትር ሙጫ ይለጠፍ፤ ይህ ከራስ ጠጉር የቀጠነ ነው። የሰፊው ዲያሜትር 1.12 ስለሚሆን የአፉ ስፋት 87 በመቶው ይተርፋል። የጠባቡ ግን ወደ 0.32 ይወርዳል፤ ከስፋቱ የሚቀረው 64 በመቶ ብቻ ነው። መተላለፊያው ረዘም ያለ ቀጭን ቱቦ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፑዋዘይ ስለ ደም ዝውውር ሲመራመር በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንደ ደረሰበት፣ በእንዲህ ያለ ቱቦ ውስጥ ፍሰት የሚለወጠው በዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ ነው። አራት 0.8ቶች ሲባዙ 0.41 ይሆናሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ነዳጅ ቀረ ማለት ነው። ሞተሩ ሲሮጥ ደኅና ሆኖ ሲቀንሱለት የሚጠፋበት ምሥጢር ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ጣና የራሱን ግራ መጋባት ይጨምራል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራተር በዚህ ከፍታ ከአየሩ አንጻር ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። መካኒኩ ጥቁሩን ካንዴላ አይቶ ነዳጁን ቢቀንስ፣ አስቀድሞ የተራበውን ዝቅተኛ ዙር ጨርሶ ይገድለዋል። እኔ ከካንዴላው ቀለም ይልቅ ሙከራውን አምናለሁ። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲንገዳገድ ቾክ የሚባለውን የአየር መዝጊያ በጥቂቱ ሳቡት። ከተረጋጋ የጎደለው ነዳጅ ነው፤ ይበልጥ ከታፈነ ግን የበዛው ነዳጅ ነው። የሚደክመው በከፍተኛ ዙር ከሆነና በነዳጅ ቱቦው ላይ ያለችውን የጎማ መግፊያ በእጅ ስትጨምቁ የሚበረታ ከሆነ ጥፋቱ ከካርቡራተሩ ወዲያ፣ ማለትም በፓምፑ፣ በማጣሪያው ወይም አየር በሚያስገባ የቱቦ መጋጠሚያ ላይ ነው። ግን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ካንዴላውንም ነዳጁንም አብሮ የቀየረ ሰው ሞተሩ ቢድን እንኳ በየትኛው እንደ ዳነ አያውቅም።

ውኃም ይጠረጠራል። የቤንዚን እፍጋት በሊትር 0.74 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ ውኃ ከሥሩ ይዘቅጣል፤ ነዳጅ የሚሳበውም ከሥር ነው። ከማጠራቀሚያው ግርጌ የተቀዳ ናሙና በብርጭቆ ጠርሙስ ጥቂት ቢቆይ ድንበሩ በዓይን ይታያል። ይህ ሁሉ ሥራ አየር በሚዘዋወርበት ሜዳ ይደረግ፤ የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ በጀልባ ወለል ላይ ይጠራቀማል፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ሙከራው ሞተሩ ከውኃ ወጥቶ ፈጽሞ አይደረግም። ማቀዝቀዣ ውኃ የሚገፋው የጎማ መዘውር የሚለሰልሰው በዚያው ውኃ ነው፤ በደረቁ ከዞረ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። ለወራት ታጥፎ የከረመ ክንፉም ላይቃና ይችላል፤ ስለዚህ ሞተሩ እንደ ተነሣ ከጎኑ የሚፈነጥቀውን ቀጭን የውኃ ጅረት ተመልከቱ። ከሌለ ወዲያውኑ አጥፉት፤ በጣና የውኃ መግቢያው በእምቦጭ ሥር ተደፍኖም ሊሆን ይችላል።

ሙጫው በካርቡራተር ማጽጃ ፈሳሽ ተነክሮ በታመቀ አየር ይነፋል። በሽቦ መጎርጎር ግን የለመድነው ክፉ ልማድ ነው፤ የአራተኛው ርቢ ሕግ ወደ ሌላውም አቅጣጫ ይሠራልና፣ በአንድ አሥረኛ የሰፋ ቀጭን ቱቦ ፍሰቱን 46 በመቶ ይጨምራል። ሞተሩን እንደገና ለረጅም ጊዜ የሚያቆም ሰው ገና በውኃ ውስጥ ሳለ የነዳጁን ቱቦ ነቅሎ በራሱ እስኪጠፋ ይተወው፤ ከሳህኑ ግርጌ የምትቀረውንም ጠብታ በማፍሰሻው ብሎን ያውጣት።