“ለዓይን ነው” አልኳት

ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ እኔ ቤት ስትታረስ ጡረታ ከወጣሁ አምስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ገንፎውንና አጥሚቱን እህቴ ስለተረከበችኝ እጄ ሥራ ፈታ። ለልጅ ልጄ ከአልጋው በላይ ተንጠልጥሎ ነፋስ ሲነካው የሚዞር መጫወቻ ልሥራለት አልኩ። ሱቅ ውስጥ በባትሪ እየዞሩ የሚዘፍኑ አሉ። ዋጋቸውን ጠይቄ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ጥልፍ የምጠልፍበትን ክብ እንጨት አወጣሁ። ከአሮጌ ነጭ ጋዎኔ ሰባት ወፎች ቆርጬ፣ ጥጥ ሞልቼ ሰፋኋቸው። ክንፋቸውን በሮዝና በሰማያዊ ክር አስጌጥኩ። አራስ ጥየቃ የመጣ ሁሉ ቆሞ ያደንቃል። ልጁ ግን ዞር ብሎ ግድግዳውን ያያል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ጋደም ብዬ ወደ ላይ አየሁ። የሚታየው የወፎቹ ሆድ ብቻ ነው፤ ነጭ ኮርኒስ ላይ ነጭ ሆድ። የደከምኩበት ጥልፍ በሙሉ የሚታየው ለቆመ ሰው ነበር። ሳቄ መጣ። አዲስ የተወለደ ልጅ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያለውን ነው፤ ጡት ሲጠባ የእናቱ ፊት ያለበት ርቀት ማለት ነው። ሐመር ቀለም አይለይም። ጥቁርና ነጭ ጎን ለጎን ሲሆኑለት ነው ዓይኑ የሚይዘው፤ ቀይም ቶሎ ይለያል። ይህን ስንቷን እናት አስተምሬያለሁ!

ወፎቹን ፈታሁና ከካርቶን የቡና ስኒ ማስቀመጫ የሚያህሉ አምስት ክቦች ቆረጥኩ። በጋዎኑ ጨርቅና በተሰበረ ጃንጥላ ጥቁር ጨርቅ ግማሽ በግማሽ ለበጥኳቸው፤ አንዱን በቀይ ጥለት። ክሩን ከጠርዝ ሳይሆን ከመሐላቸው አሳለፍኩት። ያኔ ፊታቸው ወደ ታች፣ ወደ ልጁ ይሆናል። ቋጠሮው እንዳያመልጥ ከሥሩ አንዳንድ ጨሌ አሰርኩበት። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት፤ እመለስበታለሁ። እያንዳንዱ ክር ከአንድ ስንዝር ያጠረ ነው፤ ረጅም ክር አንገት ላይ ይጠመጠማል። ከላይ እስከ ክቡ እንጨት የሚወርደውም ወፍራም ሽቦ ነው። ምስማሩን ያስመታሁት ከኮርኒሱ በላይ ያለው ሞራሌ ላይ ነው፤ ኮርኒስ አይታመንም። ደግሞ ጨቅላ ሕፃን ሲተኛ ራሱን ወደ አንድ ጎን ስለሚያዞር በአናቱ ትይዩ ሳይሆን ወደሚዞርበት ጎን፣ ስንዝር ተኩል ያህል ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት።

በዚያው ቀን አፈጠጠበት። እግሩን መወራጨቱን ትቶ ዝም አለ። በስድስተኛው ሳምንት ክቦቹ ሲዞሩ ዓይኑ አብሮ ይዞር ጀመር።

አንዲት ባልቴት ጎረቤቴ ቀና ብለው አዩና “ሲስተር፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ለዓይን ነው?” አሉኝ። ክታብ መስሏቸዋል። “አዎ፣ ለዓይን ነው” አልኳቸው።

እውነትም ለዓይን ነው። ሕፃናት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ለክትባት ሲመጡ እናቶችን “በዓይኑ ይከተልሻል?” እላቸው ነበር። ሦስት ወር ሞልቶት የሚንቀሳቀስ ነገር የማይከተል፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ የዓይኑ ብሌን ውስጥ ነጭ ነገር የሚታይበት ልጅ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። ሕፃንም ከዓይን ሞራ ጋር ሊወለድ ይችላል፤ ሕክምናው ከዘገየ አንጎሉ ማየትን ሳይለምድ ይቀራል።

ወደ ጨሌው ልመለስ። ልጄ ሥራ ስትገባ ልጁ ቀን ቀን እኔ ጋ መዋል ጀመረ። አራተኛ ወሩን ሲይዝ ክቦቹን በእጁ ይመታ ነበር። ከፍ ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ደስታውን እያየሁ ዛሬ ነገ አልኩ። አንድ ጠዋት ከእንቅልፉ ነቃ ብዬ ስገባ ቀዩ ክብ እጁ ላይ ነው። ቋጠሮው ተፈቷል፤ ጨሌው የለም።

ይስቅልኛል። አፉን ከፍቼ አየሁ፤ ጣቴን ግን አላስገባሁም፤ የማይታይን ነገር በጣት መፈለግ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ጆሮዬን ደረቱ ላይ አድርጌ ትንፋሹን ሰማሁ፤ ደህና ነው። ልብሱን አወለቅኩ፣ አንሶላውን አራገፍኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ጨሌውን ወተት በተጠራቀመበት የአንገቱ እጥፋት ውስጥ አገኘሁት።

ማታ ለልጄ ነገርኳት። “እማዬ፣ አንቺ?” አለችኝ፤ ሌላ አልተናገረችም።

ለሌላው የምናገረው መለኪያ ቤቴ ውስጥ ነበር፤ የሶፍት ጥቅል መሐል ያለው ካርቶን። በእሱ ቀዳዳ የሚያልፍ ነገር ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይቀርብም። ጨሌም፣ ቁልፍም ቢሆን። በዚያው ሌሊት አራቱን ጨሌዎች ቆርጬ ቋጠሮዎቹን በመርፌ ሰፋሁና እጁ ከማይደርስበት ሰቀልኩት። አምስተኛ ወሩ ላይ በእጁ ተደግፎ ቀና ማለት ሲጀምር ጭራሽ አወረድኩት።

አሁን ስምንት ወሩ ነው፤ በሰፌድ ይጫወታል። ባለፈው ሳምንት ባልቴቷ ጎረቤቴ መጡና የልጃቸው ልጅ ስለወለደች እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። “ጨሌም ታደርጊበታለሽ አይደል፣ ያምር ነበር” አሉ።

“አላደርግበትም” አልኳቸውና የጃንጥላውን ጨርቅ ፍለጋ ተነሣሁ።